ክትትል ሲረክስ፦ የግል ሕይወት መብትና የመንግሥት ዐይን በዴሞክራሲያዊ አገሮች

አንድን ሰው ለአንድ ወር ሌት ተቀን መከታተል ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ቀላል ሥራ አልነበረም። በፈረቃ የሚቀያየሩ መርማሪዎች፣ ሁለት ሦስት ተሽከርካሪዎች፣ ነዳጅና አበል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ ወንጀል ሊመረመርበት ይችል የነበረ ጊዜ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የፖሊስ አዛዡ ማንን እንደሚከታተልና ማንን እንደሚተው ሲወስን ሕግ ባይገድበው እንኳ በጀቱ ይገድበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር፤ ፖሊስ በአንድ ተጠርጣሪ መኪና ላይ የጂፒኤስ መሣሪያ አጣብቆ እንቅስቃሴውን ለ28 ቀናት መዝግቧል። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ በዚህ ጉዳይ በጻፉት የተለየ ሐተታ፣ ከኮምፒውተር ዘመን በፊት ለግል ሕይወት ትልቁን ከለላ የሰጠው ሕገ መንግሥትም ሆነ ሌላ ሕግ ሳይሆን የነገሩ አድካሚነት እንደነበረ አስገንዝበዋል።

ይህ አስተያየት በግል ሕይወትና በመንግሥት ክትትል መካከል ስላለው ውጥረት ከሚሰነዘሩት ብዙ ሐሳቦች ይልቅ ወደ ጉዳዩ ሥር የሚያደርስ ይመስለኛል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በአንደኛው ሳሕን ላይ ደኅንነት፣ በሌላኛው ላይ ነጻነት እንደተቀመጠበት ሚዛን ተደርጎ ነው፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቀላል ይባላል። ነገር ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተለወጠው ሰዎች ለደኅንነት ወይም ለነጻነት የሚሰጡት ክብደት አይደለም፤ የተለወጠው የክትትል ዋጋ ነው። ዜጎች በፈቃዳቸው በኪሳቸው የሚይዙት ስልክ የት እንደዋሉና የት እንዳደሩ፣ ከማን ጋር ስንት ደቂቃ እንደተነጋገሩ ራሱ ይመዘግባል። ቀድሞ መንግሥት ወጪ አውጥቶ ይፈጥረው የነበረው መዝገብ ዛሬ ሳይጠየቅ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የወጪው አጥር ከፈረሰ ደግሞ በስፍራው ሌላ አጥር መቆም አለበት፤ እርሱም ከሕግ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም።

ወደ ሕጉ ከመግባት በፊት ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ሙግት አለ፤ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ቢታይ ምን ይጎዳል የሚለው ነው። አማርኛ ለዚህ ሙግት ዝግጁ መልስ አለው። በቋንቋችን «ምስጢር» እና «ገመና» አንድ አይደሉም። ምስጢር ሌላው እንዳያውቅ ተብሎ የሚሰወር ነገር ሲሆን፣ ገመና ግን ማንም እንዳለ የሚያውቀው፣ ነገር ግን በአደባባይ የማይገለጥ የሕይወት ክፍል ነው። የታመመ ሰው ሐኪም ቤት መሄዱ፣ ባልና ሚስት መጋጨታቸው፣ አንድ ሠራተኛ ሌላ ሥራ መፈለጉ ወንጀል አይደለም፤ ያም ሆኖ የማይመለከተው ሰው ሲያየው ባለቤቱ ይጎዳል። የግል ሕይወት መብት በዋናነት የሚጠብቀው ገመናን ነው። በዴሞክራሲ ውስጥ ደግሞ ይህ ጥበቃ ከግለሰቡ ክብር አልፎ የፖለቲካ ትርጉም አለው፤ ምንጩ እንዳይታወቅበት የሚሠራ ጋዜጠኛ፣ ደንበኛውን በግል የሚያማክር ጠበቃ፣ መንግሥትን የሚፎካከር ፓርቲ፣ ሁሉም ሥራቸውን የሚሠሩት ባለሥልጣናት የማይደርሱበት ስፍራ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ሕግ ይህን ስፍራ መከለል የጀመረው በቤት ግድግዳ ነው። በ1762 የእንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኞች መንግሥትን የሚነቅፍ ጽሑፍ ያዘጋጃል የተባለውን የጆን ኤንቲክን ቤት ሰብረው ገብተው ለሰዓታት ከበረበሩ በኋላ ወረቀቶቹን ይዘው ሄዱ። በ1765 ዳኛው ሎርድ ካምደን ለዚህ ድርጊት ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ በመጻሕፍቱ ውስጥ እስካልተገኘ ድረስ የሚኒስትር ትእዛዝ ብቻውን ብርበራውን ሕጋዊ እንደማያደርገው ወሰኑ። መንግሥት የሚያደርገውን ለማድረግ ሕግ ያስፈልገዋል የሚለው መርሕ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ቅርጽ ያዘ። ነገር ግን ግድግዳው የቴክኖሎጂ መከላከያ አልሆነም። በ1928 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ ከቤት ውጭ ባለ ሽቦ ላይ የስልክ ንግግር ቢጠልፍ ወደ ቤት ስላልገባ ብርበራ አይባልም ሲል በጠባብ ድምፅ ወሰነ። ይህ አቋም እስኪሻር 39 ዓመት ፈጅቷል፤ በ1967 ያው ፍርድ ቤት በሕዝብ ስልክ ማናገሪያ ውስጥ ገብቶ በሩን የዘጋ ሰው ንግግሩን ማንም እንደማይሰማው የመጠበቅ መብት አለው፣ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀውም ሰዎችን እንጂ ቦታዎችን አይደለም አለ። በመሣሪያው መምጣትና ሕጉ መሣሪያውን በመረዳቱ መካከል ያለው ይህ ርቀት ዛሬም አልጠበበም።

ከዚያ በኋላ የመጣው አስተምህሮ ደግሞ አዲስ ቀዳዳ ከፈተ። በ1970ዎቹ የተሰጡ ሁለት ውሳኔዎች፣ አንድ ሰው መረጃውን ለባንክ ወይም ለስልክ ኩባንያ በፈቃዱ ከሰጠ በዚያ መረጃ ላይ የግል ሕይወት ጥበቃ የለውም የሚል አቋም ያዙ። በ1979 የታየው ጉዳይ አንድ ተጠርጣሪ ለአጭር ጊዜ የደወለባቸውን ቁጥሮች የሚመለከት ብቻ ነበር። ዳኞቹ በዚያን ጊዜ ይህ አቋም አንድ ቀን የሚሊዮኖችን የስልክ መዝገብ ለመሰብሰብ መከራከሪያ ይሆናል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም፤ የሆነው ግን ያ ነው። እስከ 2018 ድረስ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ዓመት ፖሊስ የብርበራ ማዘዣ ሳያወጣ ከስልክ ኩባንያዎች በወሰደው መዝገብ የአንድን ተጠርጣሪ የ127 ቀናት እንቅስቃሴ የሚያሳዩ 12,898 የመገኛ ነጥቦችን ያገኘበት ጉዳይ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ስልክ የዘመናዊ ሕይወት ግዴታ ስለሆነ መረጃውን «በፈቃድ የተሰጠ» ማለት እንደማይቻልና ማዘዣ እንደሚያስፈልግ ወሰነ።

የጅምላ ክትትል ክርክር ከሁሉ ይልቅ የጋለው በሰኔ 2013 ለአሜሪካ የስለላ ተቋም በተቋራጭነት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች ሲታተሙ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጸጥታ ኤጀንሲ በአገር ውስጥ የተደረጉ የስልክ ጥሪዎችን መዝገብ፣ ማለትም ማን ለማን መቼና ለስንት ጊዜ እንደደወለ፣ ከኩባንያዎች በየቀኑ ይቀበል እንደነበረ ሕዝቡ ያን ጊዜ አወቀ። የመንግሥት መከላከያ የንግግሩን ይዘት አንሰማም የሚል ነበር። ይህ መልስ ማጽናኛነቱ ትንሽ ነው። አንድ ሰው ሌሊት ለራስን ማጥፋት መከላከያ መሥመር ደውሎ አንድ ሰዓት ከተነጋገረ፣ የተናገረውን ቃል ማወቅ ምን ይጨምራል? ይዘት ሊያሳስት፣ ሊዋሽ፣ በቀልድም ሊነገር ይችላል፤ የግንኙነት መዝገብ ግን አይቀልድም፤ በኮምፒውተር ለመተንተንም ከንግግር ይልቅ እጅግ ይቀላል።

ይህ ፕሮግራም ለምን ያህል ጥቅም ዋለ የሚለው ጥያቄ በስሜት ሳይሆን በሰነድ ተመርምሯል። የደኅንነት ተቋማትን ምስጢር የማየት ፈቃድ ያለው ገለልተኛው የግላዊነትና የሲቪል ነጻነቶች ተቆጣጣሪ ቦርድ በጥር 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ በአሜሪካ ላይ የተቃጣ አደጋን በሚመለከት ፕሮግራሙ ለምርመራ ውጤት ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት አንድም አጋጣሚ እንዳላገኘ ገለጸ። በ2015 ምክር ቤቱ የጅምላውን አሰባሰብ አስቀርቶ በተጠበበ ሥርዓት ተካው። ቦርዱ በ2020 ይህኛውን ሲመረምር ደግሞ በአራት ዓመታት 100 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀና የፌደራል የምርመራ ቢሮው ያልነበረውን መረጃ ያስገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ አረጋገጠ፤ ኤጀንሲውም ቀደም ብሎ ራሱ አቋርጦት ነበር። ሚዛናዊ ለመሆን፣ ያው ቦርድ በውጭ አገር የሚገኙ የውጭ ዜጎችን ግንኙነት የሚመለከተውን ሌላ ፕሮግራም ሲመረምር ለደኅንነት በእርግጥ ጠቃሚ ሆኖ እንዳገኘውም መጥቀስ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ትምህርት ይሰጣል፤ አንደኛው ማንንም ሳይለይ ሁሉን የሚያግበሰብስ ሲሆን ሁለተኛው ቢያንስ ከተለየ ዒላማ የሚነሣ ነው።

የጅምላ አሰባሰብ ድካም የሂሳብም ጉዳይ ነው። አሸባሪን የሚለይ ሥርዓት ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ትክክል ነው እንበል፤ በ50 ሚሊዮን ሕዝብ ላይ ቢዘረጋ ግን ግማሽ ሚሊዮን የሚያህሉ ንጹሐን ሰዎችን በስሕተት ይጠቁማል። በእውነት አደገኛ የሆኑት መቶ ሰዎች ቢሆኑ፣ ሥርዓቱ ሁሉንም ቢይዛቸው እንኳ በዚያ ክምር ውስጥ ተውጠው ይቀራሉ። መርማሪው የሚያስፈልገው ክምሩን ማሳደግ አይደለም።

ታዲያ ተገቢውን ክትትል ከማይገባው የሚለየው መመዘኛ ምንድን ነው? ዴሞክራሲያዊ አገሮች በየራሳቸው መንገድ ተጉዘው ተቀራራቢ መልስ ላይ ደርሰዋል። ጣልቃ ገብነቱ ግልጽና የታተመ ሕግ ይኑረው፤ ዓላማው ተገቢ ይሁን፤ ለዓላማው የግድ የሚያስፈልግ ይሁን፤ ጉዳቱም ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር ይመጣጠን የሚል ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1983 ለዚያ ዓመት ታቅዶ የነበረውን የሕዝብ ቆጠራ አስመልክቶ በሰጠው ውሳኔ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ዜጋ ስለ ራሱ ማን ምን እንደሚያውቅ መገመት ካልቻለ በነጻነት መኖርም ሆነ በሕዝብ ጉዳይ መሳተፍ ያቅተዋል፣ ስለዚህ በገዛ መረጃው ላይ የመወሰን መብት አለው አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2014 የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት መዝገብ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ያዝዝ የነበረውን የ2006 መመሪያ የሻረው በዚሁ መመዘኛ ነው፤ መመሪያው ከወንጀል ጋር የራቀ ንክኪ እንኳ የሌላቸውን ሰዎች ሁሉ የሚያጠቃልል ነበርና።

መመዘኛው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የታየው በሕንድ ነው ማለት ይቻላል። በነሐሴ 2017 ዘጠኝ ዳኞች የተሰየሙበት የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ምንም እንኳ ሕገ መንግሥቱ በስም ባይጠቅሰውም፣ የግል ሕይወት መሠረታዊ መብት መሆኑን በሙሉ ድምፅ አወጀ። ሙግቱን ያስነሣው ከቢሊዮን በላይ ሰዎች የጣት አሻራና የዐይን ምስል ሰጥተው የተመዘገቡበት አድሃር የተባለው የመታወቂያ ሥርዓት ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ አምስት ዳኞች ሥርዓቱን ራሱን ሲመረምሩ በ4 ለ1 ድምፅ ሕገ መንግሥታዊ ነው አሉ፤ ነገር ግን ክፍል በክፍል አበጥረው ነው። ለድሆች ድጎማና ለግብር ሥራ እንዲውል ፈቀዱ፤ የባንክ ሒሳብና የሞባይል ቁጥር ከእርሱ ጋር እንዲተሳሰር ያስገደደውን ሻሩ፤ የግል ኩባንያዎች እንዲጠቀሙበት የሚፈቅደውን ክፍል ሻሩ፤ አንድ ሰው መታወቂያውን የተጠቀመባቸው ጊዜያት መዝገብ ለአምስት ዓመት ይቀመጥ የነበረው ከስድስት ወር እንዳይበልጥ አዘዙ። በውሳኔው የማይስማሙ ብዙዎች ናቸው፤ ተቃዋሚው ዳኛም ሥርዓቱ በአጠቃላይ መፍረስ ነበረበት ብለዋል። ቢሆንም «ለደኅንነት ነው» ወይም «ለልማት ነው» የሚል ጥቅል ቃል ተቀባይነት ሳያገኝ ለእያንዳንዱ ዓላማ እያንዳንዱ መረጃ ለምን እንደሚያስፈልግ መጠየቁ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ዓላማን የመለየት ጥንቃቄ ከሌለ የሚሆነው ይታወቃል፤ ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው። በ2020 በወረርሽኙ ወቅት ሲንጋፖር የንክኪ መከታተያ መተግበሪያ ስትዘረጋ መረጃው ለበሽታ ክትትል ብቻ እንደሚውል ለሕዝብ ተነግሮ ነበር። በጥር 2021 ግን በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ፖሊስም ሊያገኘው እንደሚችል ለፓርላማው ተገለጸ። ቁጣ ስለተነሣ በቀጣዩ ወር አጠቃቀሙን ለሰባት ዓይነት ከባድ ወንጀሎች ብቻ የሚገድብ ሕግ ወጣ። እዚህ ላይ መንግሥት ተንኮል አስቦ ነበር ማለት አያስፈልግም፤ መረጃው ካለ የሚጠቀምበት ሌላ ምክንያት ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ያልተሰበሰበ መረጃ ብቻ ነው ከዓላማው የማይወጣው።

ሌላው ቀዳዳ ገበያ ነው። ፖሊስ የአንድን ሰው የስልክ መገኛ ከኩባንያ ለመውሰድ የዳኛ ማዘዣ ካስፈለገው፣ ያንኑ ዓይነት መረጃ ከመረጃ ነጋዴዎች በገንዘብ ቢገዛስ? ለአየር ሁኔታ ወይም ለጨዋታ ተብለው በስልክ የሚጫኑ ብዙ መተግበሪያዎች የተጠቃሚውን መገኛ ይሰበስባሉ፤ መረጃው ለማስታወቂያ እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። የአሜሪካ የደኅንነት ተቋማት እንዲህ ያለውን መረጃ እንደሚገዙ የሚያረጋግጥ የመንግሥት ሪፖርት በሰኔ 2023 ይፋ ሆኗል። ግዢውን ያለማዘዣ የሚከለክል ረቂቅ በሚያዝያ 2024 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱን በ219 ለ199 ድምፅ ቢያልፍም ሴኔቱ ሳያጸድቀው ቀርቷል። የመንግሥትን ክትትል ሲያወግዙ የኩባንያዎችን አሰባሰብ እንደ ተራ ንግድ መመልከት የማያስኬደው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው።

በአደባባይ የሚተከሉ ፊት ለዪ ካሜራዎች ደግሞ ጥያቄውን ወደ ጎዳና አውጥተውታል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት ግን አይቀየርም። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2020 የሳውዝ ዌልስ ፖሊስ ቴክኖሎጂውን የተጠቀመበት መንገድ ሕገ ወጥ ነው ሲል የወሰነው ማን በተፈላጊዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባና ካሜራው የት እንደሚተከል ለፖሊሶቹ የተተወው ሥልጣን እጅግ ሰፊ በመሆኑ ነው፤ ሶፍትዌሩ በዘር ወይም በጾታ የሚያዳላ መሆን አለመሆኑም በአግባቡ አልተጣራም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ፖሊስ ሰዎችን በአደባባይ በቅጽበት በፊታቸው እንዲለይ የሚፈቅደው እንደ ታፈነ ሰው ፍለጋ ላሉ ውስን ጉዳዮች ሲሆን፣ ቀድሞ የሚገኝ ፈቃድንም በመርሕ ደረጃ ግዴታ አድርጓል።

ብዙ መንግሥታት ከሁሉም በላይ የሚወተውቱት ግን ስለ ምስጠራ፣ ማለትም መልእክትን ቁልፉ ከሌለው ሰው ሁሉ ስለሚሰውረው ዘዴ ነው። መልእክት ከላኪው እስከ ተቀባዩ ተመስጥሮ ሲጓዝ አገልግሎቱን የሚሰጠው ኩባንያ እንኳ ስለማያነበው፣ ፖሊስ የዳኛ ማዘዣ ይዞ ቢመጣም ባዶ እጁን ይመለሳል። አቤቱታው ከንቱ አይደለም፤ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመረምር ሰው ሲያነሣው በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ችግሩ ለሕግ አስከባሪ ብቻ የሚከፈት በር መሥራት አለመቻሉ ነው። በ2004 እና በ2005 በግሪክ ያልታወቁ ሰዎች በአንድ የሞባይል ኩባንያ ማዞሪያ ውስጥ ለሕጋዊ ጠለፋ የተሠራውን ክፍል በድብቅ አንቀሳቅሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ከመቶ በላይ የባለሥልጣናትና የሌሎች ሰዎችን ስልክ ለወራት አዳምጠዋል። አሜሪካም በ1994 ሕግ አውጥታ የስልክ ኩባንያዎች ለፖሊስ ጠለፋ የሚመች ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገድዳ ነበር፤ በኅዳር 2024 ደግሞ የመንግሥት ተቋማቷ ከቻይና ጋር የተያያዙ ሰርጎ ገቦች ወደ ኩባንያዎቹ መረብ ዘልቀው በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተጠየቁ መረጃዎችን ጭምር እንደገለበጡ በይፋ አመኑ። በማግስቱ ወር የአገሪቱ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ለጥቃት የተጋለጡ ባለሥልጣናት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ የመልእክት አገልግሎት ብቻ እንዲጠቀሙ መከረ። ምስጠራ ሥራችንን አደናቀፈ ሲል ለኖረ መንግሥት ይህ ምክር ቀላል አልነበረም።

ሕጉ ሁሉ ቢሟላ እንኳ የሚፈጽመውን የሚያይ ዐይን ያስፈልጋል። ብሪታንያ በ2016 ባወጣችው ሕግ የጠለፋ ትእዛዝ በሚኒስትር ከተፈረመ በኋላ በዳኝነት ኮሚሽነር እንዲጸድቅ አድርጋለች። አሜሪካ ከ1978 ጀምሮ የውጭ ስለላ ጥያቄዎችን የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት አላት። የእነዚህ ተቋማት ድካም ግን በአብዛኛው የሚሰሙት አንዱን ወገን ብቻ መሆኑ ነው፤ የሚከታተለው ተቋም ይከራከራል፣ ክትትል የሚደረግበት ሰው ግን ጉዳዩ መኖሩንም አያውቅም። በ2022 በዚያችው በግሪክ የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ስልክ በአገሪቱ የደኅንነት ተቋም ሲደመጥ እንደነበረ ታውቆ የተቋሙ ኃላፊ ሥልጣናቸውን ሲለቁ፣ ጠለፋው በዐቃቤ ሕግ ፊርማ የተፈቀደ እንደነበረ ነው የተነገረው። ፊርማው ነበረ፤ ፊርማውን የሚሞግት ግን አልነበረም።

ይህን ጉድለት ፊት ለፊት የተጋፈጠው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ነው። ጉዳዩን ያቀረበው የራሱ የስልክ ንግግር መጠለፉን ቆይቶ ያወቀ የምርመራ ጋዜጠኛ ነበር፤ የአገሪቱ የጠለፋ ሕግ ደግሞ ለተጠለፈው ሰው፣ ምርመራው ካበቃ በኋላም ቢሆን፣ መንገርን ጭራሽ የከለከለ ነበር። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2021 ሕጉ ለተጠለፈው ሰው የማሳወቅ ግዴታ ስለሌለበት፣ ትእዛዙን የሚሰጠው ዳኛ ነጻነት በቂ ዋስትና ስለሌለውና ዳኛው የሚሰማው አንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አለ። ፓርላማው ሕጉን እንዲያስተካክል 36 ወራት ሲሰጥ ክፍተቱን ባዶ አልተወውም፤ የጠለፋ ትእዛዙ ባበቃ በ90 ቀናት ውስጥ ትእዛዙን ከዳኛው ጠይቆ ያገኘው አካል ለተጠለፈው ሰው በጽሑፍ እንዲያሳውቅና ማሳወቁን ለዳኛው እንዲያረጋግጥ፣ ማሳወቁ ምርመራውን የሚያደናቅፍ ከሆነም ዳኛው በየጊዜው እያየ እንዲያዘገየው አዘዘ። የጠለፈው መሥሪያ ቤት ለጠለፈው ሰው ስሙን ጠቅሶ ደብዳቤ ይጽፋል ማለት ነው፤ ደብዳቤው የደረሰው ሰውም ይዞት ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።